በየቀኑ የምትሞተው የአርቪድ አይጥ

በእኛ ከተማ አይጥ የሌለበት ቤት የለም፤ ከአንዲት አይጥ በላይ ያለበት ቤትም የለም። ቢያንስ ጠዋት ጠዋት ቡና ቤቷ ውስጥ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበን ስንቀመጥ የምንባባለው እንደዚያ ነው። ጠረጴዛው የራሱ ሕግ አለው፦ ስለ ምርት ሲወራ ቁጥሩ ወደ ላይ፣ ስለ አይጥ ሲወራ ቁጥሩ ወደ ታች። ማሳው አንድ ጎተራ ምስር የሰጠው ሰው ሦስት ጎተራ ይላል። ጓዳው ውስጥ የአይጥ ሠርግ ተደግሶ፣ ሙሽሪት ተሸኝታ፣ መልስ ተጠርቶ ያለቀበት ሰው ደግሞ ቡናውን እያማሰለ «አንዲት ሳትገባ አልቀረችም» ይላል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ማንንም አያጋልጥም። ኮምባይነሩ ማሳውን አጭዶ ሲወጣ አይጡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤት እንደሚመጣ እዚህ ካናዳ፣ ሳስካቸዋን ውስጥ የማያውቅ የለም። ወደ ማን ቤት እንደሚመጣ ግን አንጠያየቅም፤ ነውር ነው።

ይህን ሕግ ከሁላችንም በላይ አክብሮ የኖረ አርቪድ ቶለፍሰን ነው። አርቪድ ሰባውን አልፏል፤ መሬቱን የወንድሙ ልጅ ያርስለታል፤ እሱ ግን በመከር ጊዜ ከኮምባይነሩ ላይ የሚያወርደው ሰው እስካሁን አልተገኘም። ክፉ ነገር ሲመጣ አሳንሶ መናገር በደሙ ያለ ሰው ነው። በረዶ ወርዶ ስንዴውን ከአፈር ጋር ያመሳሰለው ዓመት «ትንሽ ጠጠር ነካካው» አለ። የከብት በረቱ ሲቃጠልና ጭሱ ከጎረቤት ከተማ ሲታይ «ሞቅ ብሎት ነው» አለ። ዳሌው የተሰበረ ጊዜ በበሬ እንደሚጎተት ዕቃ ወደ ፒካፑ እየተሳበ «እንቅልፍ ላይ ጠምዝዤው መሰለኝ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የሚያገባው ቨርናን ነው። ቨርና ዕድሜዋን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። ነፋሱ በረዶውን እያነሳ መንገዱን ሲያጠፋው እንኳ ልጆቹን ሳትቆጥር ሞተር አስነስታ አታውቅም። «ወደ ሠላሳ ይሆናሉ» ብሎ ነገር ለእሷ ቋንቋ አይደለም። ዛሬም ጡረታ ወጥታ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አግዳሚው ላይ ያሉትን ሰዎች በዓይኗ ስትቆጥር ባለቤቴ ጎልዲ አይታታለች። እንግዲህ አሳንሶ የሚናገር ባልና ቆጥሮ የማይጠግብ ሚስት አንድ ቤት ውስጥ አብረው ያርጁና መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለማየት አይጥ ብቻ ነበር የቀረው። መጣ።

የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቨርና ምሳ ልታቀርብ ስትል አንዲት አይጥ ዳቦ መጥበሻው ላይ ተቀምጣ፣ ቤቱ በውርስ የደረሳት ይመስል፣ ጢሟን ስታበጥር አገኘቻት።

«አርቪድ፣ አይጥ ገብቷል።»

«አንዲት ናት» አለ ከጋዜጣው ዓይኑን ሳያነሳ።

«አላየሃትም እኮ።»

«አንቺ ያየሻት ስንት ናቸው?»

«አንድ።»

«አላልኩሽም?»

«በቀን ነው የወጣችው፣ አንተ ሰው። በቀን የምትወጣ አይጥ ውስጥ መቀመጫ ያጣች ናት። ሌሎቹ ሞልተውባት ነው።»

«ወይም ደፋር ናት» አለ አርቪድ።

ወጥመድ ተጠመደ። የለውዝ ቅቤ ተቀባ። በማግስቱ አንዲት ተያዘች፤ አርቪድ በጅራቷ አንጠልጥሎ አሳያትና «ይኸው፤ ጉዳዩ ተዘጋ» አለ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ተያዘች።

«ይቺ ናት ያቺ» አለ።

«የትናንቷስ?»

«የትናንቷ እንግዳ ነበረች።»

በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ቡና ቤት ሲመጣ ታዲያ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀዋል።

«አርቪድ፣ ያቺ አይጥህ እንዴት አደረች?» ይላል ኦሬስት፣ ጎተራ ሠሪው፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ።

«ሞታለች።»

«ዛሬም? እኛ አንዴ ለመሞት እንዲህ ስንፈራ እሷ ሥራ አድርጋው የለ እንዴ።»

«ቡናህን ጠጣ» ይላል አርቪድ።

«ተዉት እስቲ» ትላለች አስተናጋጃችን ዶቲ ቡና እየደገመች። «የኔ ማር፣ እኔም ቤት አንዲት አለች።» ሁላችንም አንገታችንን እየነቀነቅን የራሳችንን አንዳንድ አይጥ አሰብን።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። ቀልድነቱ ያበቃው ጃኔል የደወለች ቀን ነው። ጃኔል አንድያ ልጃቸው ናት፤ ሳስካቱን ከተማ ነው የምትኖረው። ዘንድሮ ኤሜት የሚባል የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። አርቪድ የልጅ ልጁን ያየው ገና በተወለደ ሰሞን፣ እንደ ዳቦ ተጠቅልሎ ሲተኛ ብቻ ነው። ከዚያ ዘር መጣ፣ ከዚያ ርጭት፣ ከዚያ መከር፤ ልጁን በስልክ መስታወት እያየ «ሄሎ» ሲለው ከረመ። ከመከር በኋላ ለሚከበረው የምስጋና ቀን ይዘውት ሊመጡ ቀጠሮ ተይዟል። አርቪድ የሕፃን አልጋውን ከጣሪያ ሥር አውርዶ፣ ብሎኑን አጥብቆ፣ ቀለም ቀብቶ ጨርሷል።

«እማዬ» አለች ጃኔል፣ «አባዬ ስለ አይጥ ሲያወራ ሰማሁት። ልጁ አሁን እየዳኸ ነው። መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው። አንዲት ከሆነች ምንም አይደለም፣ እመጣለሁ። ከበዛ ግን በግልጽ ንገሪኝ፤ የባሌ እናትና አባት ጋ እንሄዳለን።»

የባሏ እናትና አባት የሚኖሩት ከተማ መሀል፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። አይጥ እዚያ ለመድረስ በአሳንሰር ወጥታ፣ ደወል ደውላ፣ ጫማዋን በር ላይ ማውለቅ አለባት።

«አይቼ እነግርሻለሁ» አለች ቨርና። እሷ «አይቼ» ካለች ታያለች።

አየች። ጓንት አጥልቃ፣ ባትሪ ይዛ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ የምድጃውን የታች መሳቢያ ሳበች። የአይጥ ኩስ የሩዝ ፍሬ አክሎ ተበትኗል። ያረጀው ግራጫ ነው፤ ሲነኩት ይፈርሳል። አዲሱ ጥቁርና እርጥብ ነው። ጥቁሩን ከግራጫው ለይታ አየች፤ የሚበዛው ጥቁሩ ነው። ከዚያ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሄደች፦ የውኃው ቧንቧ ግድግዳውን የሚበሳበት ቀዳዳ ዳሩ ተፍቆ ወዝ ይዟል፤ ብዙ ሆድ ሲመላለስበት የከረመ በር ይመስላል። ሽታውም አለ፤ ያ ዝግ ያለ መጥፎ ሽታ። አርቪድን ጠርታ አሳየችው።

«ይሄ የበፊቱ ነው» አለ።

«የትኛው በፊት?»

«የእናቴ ጊዜ።»

«እናትህ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው ነው? ይሄ እኮ ገና አልደረቀም።»

«እዚህ ቤት እርጥበት አለ።»

ቨርና ጓንቷን አውልቃ ጣለችና ለጎልዲ ደወለች። ጎልዲ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ስለያዘችው እኔም ከሳሎን ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። «ሰውዬውን ከአይጦቹ ጋር ጠቅልዬ ነው የማወጣው» ትላለች ቨርና። «ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ልወቅ አልኩት። ብዙ ነው በለኝ፣ ትንሽ ነው በለኝ፣ ግን ተመልክተህ በለኝ። አይመለከትም።»

ጎልዲ መከረቻት፦ ምድር ቤቱ ወለል ላይ ዱቄት ንፊና እደሪ፤ ጠዋት ዱካው ይነግርሻል። አይጥ ዱቄት ላይ አይዋሽም።

አይጥ አይዋሽም፤ ይህ እውነት ነው። ቨርና ዱቄቱን በወንፊት ከልብስ ማጠቢያው ማሽን እስከ ግድግዳው ድረስ እንደ ጠዋት አመዳይ ስስ አድርጋ ነፋች። ጠዋት ቁልቁለቱን ደረጃ ቀስ ብላ ወረደች። ከማሽኑ እስከ ግድግዳው አንድ ቀጭን ዱካ፣ ቀጥ ያለ፣ ሥርዓት ያለው። ሌላ የለም። አላመነችም፤ እንደገና ነፋች። በማግስቱም አንድ ዱካ። እንደገና። አሁንም አንድ።

አርቪድ ከላይ ሆኖ «ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል።

«አንድ» ትላለች፣ እያፈረች።

«እኔ ምን አልኩ?»

ያን ሳምንት አርቪድ ቡና ቤት ሲገባ እንደ ሙሽራ ነበር። ኦሬስት እንኳ የሚለው ጠፋው። ቨርና ለጃኔል ደውላ «የእኔ ልጅ፣ አባትሽ ልክ ሳይሆን አይቀርም» አለቻት። ይህን ዐረፍተ ነገር በትዳሯ ዘመን ስንት ጊዜ እንደተናገረችው እግዜር ነው የሚያውቀው፤ ብዙ አይመስለኝም። ጃኔልም «እንግዲያው እንመጣለን» አለች።

ከምስጋና ቀን በፊት ባለው ሳምንት አርቪድ ቡና ቤት እኛ ዘንድ ተቀምጦ ሳለ፣ ቨርና ከደጅ የሚጮህ ድመት ሰማች። ሸሪፍ ይባላል፤ የበረት ድመት ነው፤ ቤት አይገባም። በሩን ስትከፍተው ከእግሯ ሥር ሾልኮ የጓሮ በሩ መግቢያ ላይ ካለች የአይስክሬም ባልዲ ፊት ተቀመጠ። በዚህ አገር የአይስክሬም ባልዲ ውስጥ አይስክሬም አይገኝም፤ ምስማር፣ አዝራር፣ የተረፈ ሾርባ፣ የዶሮ መኖ ይገኛል፤ ስለዚህ ማንም የማንንም ባልዲ አይከፍትም። ሸሪፍ ግን ደሞዙ እንደዘገየበት ሠራተኛ ባልዲዋን እያየ ይጮሃል። ያኔ ነው ቨርና ድመቱን ያስተዋለችው። የበረት ድመት መሆኑ ቀርቷል፤ በርሜል ሆኗል። ሆዱ መሬት እየጠረገ ነው የሚሄደው።

ክዳኑን ከፈተችው። መልሳ ከደነችው። መልሳ ከፈተችው፤ ምክንያቱም ቨርና ናት፣ መቁጠር አለባት። ልጆችን በበረዶ ስትቆጥር ተሳስታ አታውቅም፤ እዚህ ግን ጅራት ከጅራት ተጠላልፎ ቁጥሩ ጠፋባት። ይህ እንግዲህ የአንድ ጠዋት ነው።

የንባብ መነጽሯን አድርጋ፣ ባትሪ ይዛ ምድር ቤት ወረደች። ያን የሚያምር ዱካ እስከዚያ ቀን ቆማ ነበር የምታየው። አሁን ተንበረከከችለት። ትንሿ የጣት ምልክት አንድ ዓይነት ናት። ከማሽኑ እስከ ግድግዳው አንድ እግር ብቻ፣ ያው እግር፣ ያው ቀኝ የፊት እግር፣ በእኩል ርቀት እየዘለለች።

አርቪድ ከቡና ሲመለስ ባልዲዋ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ክዳኗ ተነሥቶ ጠበቀችው።

«ቁጭ በል» አለች ቨርና።

ተቀመጠ።

«የግራ እግሯን የት አደረስከው?»

«የማን?»

«የአይጥህን። በቀኝ እግሯ ብቻ ከልብስ ማጠቢያው እስከ ግድግዳው እየዘለለች የምትሄደዋን።»

አርቪድ ባልዲዋን አየ፤ ከዚያ መስኮቱን አየ፤ መስኮቱ የሚረዳው ነገር አልነበረውም።

«ስትነሺ ይሰማኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሁሉንም እግር ለማዳረስ ጊዜ አልነበረም።»

ሥራው እንዲህ ነበር፦ ሰውየው ከእሷ ቀድሞ ይነሳል፤ በወጥመዶቹ የተያዙትን ኋላ ለሸሪፍ እንዲያበላ ባልዲ ውስጥ ይከታል፤ ዱቄቱ ላይ ያለውን የአይጥ አውራ ጎዳና፣ መስቀለኛ መንገድና የገበያ ቦታ በመጥረጊያ ያጠፋል፤ አዲስ ዱቄት በወንፊት ይነፋል፤ ከሞቱት አንዷን በጣቶቹ ይዞ፣ እግሯን እያስረገጠ፣ ከማሽኑ እስከ ግድግዳው ያስኬዳታል። ከዚያ ወጥቶ ቡና ያፈላል።

«በመጥረጊያ?» አለች ቨርና። ያናደዳት ውሸቱ መስሎት የነበረ ሁሉ ተሳስቷል። «ደረቁን ጠረግከው? የአይጥ ኩስ አቧራ ሳንባ እንደሚይዝ ክሊኒኩ በር ላይ ተለጥፎልህ፣ ዘወትር አልፈኸው ስትገባ፣ ደረቁን ጠርገህ አቧራውን ቤቱ ውስጥ ነዛኸው? እዚያ ቤት ውስጥ ልጁን ልታስድኸው?»

«መስኮት ከፍቼ ነበር።»

«ምድር ቤት መስኮቱ የተቸነከረ ነው፣ አርቪድ።»

አርቪድ ባልዲዋን ከደናት። ቀጥሎ የተናገረውን ቨርና ለጎልዲ ስትነግራት ድምፅዋ ትንሽ ወረደ። «የልጁ ጸጉር ቀይ ነው ይላሉ» አለ። «በስልኩ ላይ ቡናማ ነው የሚመስለው። ስምንተኛ ፎቅ ያሉት ሰዎች ጋ ከሄዱ እስከ ገና አይመጡም። እስከ ገና መዳኹን ትቶ በእግሩ ይሄዳል።»

ቨርና ለአፍታ አዘነችለት። ከዚያ ንዴቷ እንደገና መጣ፤ እንዲያውም ቀድሞ ከነበረው ብሷል። ሰውየው ዋሽቶ ልቧን ያሳዝናታል፤ እውነቱን ለልጇ ደውላ መናገርና በዓሉን ማፍረስ ግን የእሷ ዕጣ ነው። በሕይወቷ ሁሉ እንዲህ ነው፤ እሱ በረዶውን «ጠጠር» ይላል፣ ለኢንሹራንሱ ሰው ማሳውን የምታሳየው እሷ ናት።

ደወለች።

«ጃኔል፣ ባለፈው የነገርኩሽ ስህተት ነው። ብዙ ናቸው።»

«ምን ያህል ብዙ?»

«ባልዲ ሙሉ በየጠዋቱ።» ከዚያ ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ድመቱና ስለ መጥረጊያው ነገረቻት። አንዱንም አልደበቀችላትም።

ከስልኩ ወዲያ የተቆራረጠ ትንፋሽ ተሰማ። ቨርና የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ ኋላ ላይ ስታጣራው እየሳቀች ኖሯል።

«በአንድ እግሯ?» አለች ጃኔል።

«በቀኟ።»

«እማዬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እያሰላሰልኩ ነበር፤ ‹እማዬ ለአባዬ ብላ ልትሸፍንለት ነው› ብዬ። ስላልሸፈንሽ እመጣለሁ። ልጁ ግን ከመኪናው አይወርድም። ቤቱ እስኪጸዳና ቀዳዳው ሁሉ እስኪደፈን አንድ እግሩን አያስገባም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ለአባዬም ንገሪው።»

«እሱን አንቺ ንገሪው፤ እኔ ከእሱ ጋር አላወራም» አለች ቨርና። ይህን ስትል አርቪድ ከፊቷ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ የዘንድሮውን የምስጋና ቀን የቶለፍሰን ቤተሰብ ያከበረው በግቢው ውስጥ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በጃኔል መኪና ነው። ቨርና በዚያ ምድጃ አልጠብስም ስላለች የበዓሉ ተርኪ ዶሮ እኛ ቤት ተጠበሰ፤ እኛ ቤት አይጧ እንደሚታወቀው አንዲት ብቻ ናት። በፒካፑ ጭነን ስንደርስ ነፋሱ ከሰሜን ይነፍሳል፤ የገለባው ብጣሽ በአየር ላይ ይሄዳል። ጃኔል የፊት ወንበር ላይ ናት። አርቪድ የኋላ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱን እስከ አገጩ አጥፎ፣ ኤሜትን ታቅፎ ተቀምጧል። መስኮቱ በትንፋሽ ደፍኗል። የልጁ ጸጉር ቀይ ነው።

ቨርና በግቢው ትመላለሳለች። የተፈጨውን ድንች ታመጣለች፤ መስኮቱ የጣት ስንጥቅ ያህል ይከፈታል፤ ሳህኑ አይገባም፤ በሩ ይከፈታል፤ ሙቀቱ ይወጣል፤ ጃኔል «እማዬ፣ ዝጊው፣ ልጁ ይበርደዋል» ትላለች። መረቁን ታመጣለች፤ ነፋሱ ግማሹን ካፖርቷ ላይ ያፈስሰዋል። ፓይ የሚባለውን የዱባ ኬክ ስታመጣ ነፋሱ የተመታውን ክሬም አንስቶ ወሰደው፤ የት እንዳረፈ አላየንም። እኔና ጎልዲ ፒካፑ ውስጥ ቁጭ ብለን እንበላለን፤ ልንረዳት ስንወርድ «ተዉኝ» ትላለች። እንዲህ ስትል መተው ነው የሚያዋጣው።

በስተመጨረሻ ባዶ እጇን መጥታ የኋላውን መስኮት በቀለበቷ መታችው።

«ውረድ። ተራዬ ነው።»

አርቪድ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ። «ሊተኛ ነው።»

«እኔ ላይ ይተኛል።»

«ብንነካው ይነቃል።»

«ስማኝ አርቪድ» አለች። አልጮኸችም። «ዋሽተህ አይጥ በጣትህ ያስኬድከው አንተ ነህ። እውነቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልጁ የመጣው እኔ እውነቱን ስለተናገርኩ ነው። እና ከጠዋት ጀምሮ እሱን ታቅፈህ ሙቀት ውስጥ የተቀመጥከው አንተ፣ በነፋስ መረቅ የምሸከመው ደግሞ እኔ። ይሄ የት አገር ሕግ ነው?»

አርቪድ አሰበበት። «ልክ ነሽ» አለ። ግን አልተነቃነቀም።

«አባዬ» አለች ጃኔል በመስታወቱ እያየችው፣ «ውረድ።»

ወረደ። ያን ረጅም ቁመቱን ከመኪናው እስኪያወጣ ጊዜ ወሰደ። ልጁን ሲያቀብላት በሁለት እጁ፣ እንደ ሙሉ ጎድጓዳ ሳህን፣ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ ነበር። ቨርና ገባች፤ በሩን ዘጋች። ኤሜት ነቅቶ መነጽሯን ከፊቷ መነጨቀው፤ ተወችለት። ትከሻዋ ያን ሳምንት ሙሉ ተሰቅሎ ከከረመበት ሲወርድ ከፒካፑ ሆኜ አየሁት።

አርቪድ ቀዝቃዛ ሳህኑን ይዞ በነፋሱ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ቆይቶ ጎንበስ ብሎ በስንጥቁ «አሁን እኔ ምን ላድርግ?» አለ።

ቨርና ዓይኗን ከልጁ አላነሳችም። «ምድር ቤት ውረድ። በረኪናውን በውኃ በጥብጠህ ኩሱን አርጥበው፤ መጥረጊያ እንዳትነካ፤ በጨርቅ ነው የምታነሳው። ጓንት አድርግ። ከዚያ ከማጠቢያው ሥር ጀምረህ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቅበት። ልጁን ለገና ወለሉ ላይ ልታየው ከፈለግህ ዛሬ ነው የምትጀምረው።»

«ዛሬ በዓል እኮ ነው።»

መስኮቱ ወደ ላይ ወጣ።

አርቪድ ቤቱን አየ፤ መኪናውን አየ። ወደ እኛ መጥቶ ሳህኑን በፒካፑ መስኮት አቀበለኝ።

«ብዙ ነው ሥራው?» አልኩት።

አፉን ከፈተ፤ ከልማዱ የሚወጣውን ቃል ጠበቅሁ።

«ብዙ ነው» አለና እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ ጓሮ በሩ ሄደ። ድንቹ ቀዝቅዞ ነበር፤ በላሁት።